ሦስት ማርያም ስታልፍ

እትዬ ካርዷን የምትደብቀው የበግ ፀጉር በጠቀጠቀችበት ማዳበሪያ ውስጥ ነበር። በፌስታል ጠቅልላ፣ በክር አስራ፣ እስከ ታች ትሰደዋለች። መንዝ ላይ ፀጉር የምትፈትለው ሴት ናት፣ ባናውን የሚሠራው ወንድ ነው። ያልተፈተለ ፀጉር ያለበት ማዳበሪያ ውስጥ እጁን የሚሰድ ወንድ በዚያ ቤት አልነበረም። እሷም ይህን አውቃ ነው።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ለገና እነሱ ጋ ሄጄ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ጓዳ ጠራችኝና በሩን ገርበብ አድርጋ ካርዱን አወጣችው። ከፀጉሩ ጋር ስለኖረ በግ በግ ይሸታል። «እስቲ አንብቢልኝ፣ የሚቀጥለው መቼ ነው ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት። የሦስት ወሩ መርፌ ቀጠሮ ነው። ራሷን ነቀነቀች፣ እሷ ካሰበችው ቀን ጋር ገጥሟል። ለካ ፊደል ያልቆጠረችው አክስቴ ቀኑን ቀድማ ታውቀዋለች፣ እኔን የጠራችኝ ለማረጋገጥ ብቻ ነው። «ሦስት ማርያም ስታልፍ እነሣለሁ» አለችኝ። ወር በገባ በሃያ አንድ ማርያም ናት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ትቆጥርና ሦስተኛዋን አክብራ በዋለች በማግስቱ ገብሷን በጀርባዋ አዝላ «ላስፈጭ ነው» ብላ ትወጣለች። ወፍጮ ቤቱና ጤና ኬላው አንድ መንገድ ላይ ናቸው።

«ለማንም እንዳትናገሪ፣ እመብርሃን ትታዘብሻለች።»

አልተናገርኩም። ዛሬ የምጽፈው ራሷ «ጻፊው፣ ምን ይደበቃል ከእንግዲህ» ስላለችኝ ነው። ስሟን ግን አልጠራም።

ያን ጊዜ አምስት ልጆች ነበሯት። ገና ሠላሳ አልሞላትም። የተዳረችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። አምስተኛውን ስትወልድ ደም ፈሷት በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ ድረስ እንዳወጧት እማዬ ለጎረቤት ስትናገር ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ነው እትዬ ጤና ኬላ ሄዳ አንዲት ቃል የተናገረችው፦ «ይበቃኛል።»

ከብዙ ዓመት በኋላ ደብረ ብርሃን ሆኜ ስለ አንዲት የሆላንድ ሴት ሳነብ እትዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ። ሴትዮዋ አሌታ ያኮብስ ትባላለች። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ ነው፣ አገሩም ሩቅ ነው፣ ግን እንደ ቤተሰብ ወሬ ነው ያነበብኩት። ብዙ ሰው ስሟን አያውቃትም። ስለ እርግዝና መከላከያ ሲወራ የሚነሱት ሌሎች ናቸው። እኔ ግን እሷን ነው ማስተዋወቅ የምፈልገው። (የእሷን ዓመታት በፈረንጆቹ፣ የእኛን በእኛው አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አሌታ በ1854 ተወለደች። ሳፕሜር ትባላለች መንደሯ፣ በሆላንድ ሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለች የገጠር መንደር። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነው። አባቷ የገጠር ሐኪም ናቸው። ከአሥራ አንድ ልጆች ስምንተኛዋ እሷ ናት። ምኞቷ አንድ ነው፣ እንደ አባቷ ሐኪም መሆን። አንደኛ ደረጃን ስትጨርስ ግን ለሴት ልጅ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። የወይዛዝርት ወግ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አስገቧት፣ ሁለት ሳምንት ቆይታ እምቢ ብላ ወጣች። እቤት ዋለች፣ ከእናቷ ጋር ጓዳ ገባች። ከዚያ በ1870 የፋርማሲ ረዳትነት ፈተና ወስዳ አለፈች። በሚቀጥለው ዓመት፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ለማንም ሳትነግር ብዕር አንስታ ለአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ለቶርቤከ ደብዳቤ ጻፈች። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ልማር፣ ፍቀዱልኝ፣ ነው የምትለው።

መልስ መጣ። ግን ለእሷ አልመጣም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መልሱን የጻፉት ለአባቷ ነው።

እዚህች ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። የጠየቀችው እሷ፣ የምትማረው እሷ፣ ደብዳቤው ግን ለአባት። የተፈቀደላትም ለአንድ ዓመት ለሙከራ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ፈተና እንድትቀመጥና እንድትቀጥል የሚል ሌላ ፈቃድ መጣላት፣ ቶርቤከ ያን ፈቃድ ሰጥተው በጥቂት ቀን ውስጥ ሞቱ፤ 1872 ነው። ሰውየው ከሳምንት በፊት ቢሞቱ ኖሮ የስንቱ ሴት ዕድል ይዘጋ እንደነበር እግዜር ይወቅ።

በ1878 የሐኪምነት ፈቃዷን አገኘች። ያ ዓመት ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች ሌላ ትዝታ አለው። ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ የገበሩበት የልቼ ስምምነት የተደረገው በዚያው ዓመት ነው፣ በእኛ መጋቢት 1870። ልቼ ለደብረ ብርሃን ቅርብ ናት፣ በእግር የሚኬድ ነው። ሁለቱን ነገሮች በአእምሮዬ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ዘመኑ ይቀርበኛል። እዚህ ነገሥታት ሲታረቁ እዚያ አንዲት የሃያ አራት ዓመት ሴት ሐኪም ነሽ ተባለች። በ1879 ደግሞ ዶክትሬቷን ያዘች። በሆላንድ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሐኪም ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አሌታ አምስተርዳም ላይ ሥራ ጀመረች። ሆስፒታል ስትለማመድ ያየቻቸው ሴቶች ከአእምሮዋ አልወጡም። በየዓመቱ የሚወልዱ፣ ጡት ሳያስጥሉ የሚያረግዙ፣ የሚቀጥለው ወሊድ እንደሚገድላቸው ሐኪሙም እነሱም የሚያውቁ ሴቶች። ሐኪሞቹ የሚሰጧቸው ምክር «አታርግዢ» ነው። እንዴት? ለዚህ መልስ የለም። ከባልሽ ራቂ ነው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ እንዴት ተደርጎ ነው የሚራቀው? እትዬን አንድ ጤና ባለሙያ «ተጠንቀቂ» ብሏት እንደነበር ነግራኛለች፣ ከአምስተኛው በፊት። «ምኑን ነው የምጠነቀቀው? አልነገረኝም እኮ» አለችኝ። ይኸው ነው። አገር ይለያያል፣ መቶ ዓመት ያልፋል፣ ምክሩ አንድ ነው።

ዮርዳን የሚባል የድሆች ሰፈር አለ አምስተርዳም ውስጥ። ያን ጊዜ ጠባብ፣ የተጨናነቀ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንትና ዘጠኝ ሰው የሚያድርበት ሰፈር ነው። አሌታ እዚያ በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ድሃ ሴቶችን በነጻ ማየት ጀመረች። ሕፃን እንዴት እንደሚያዝ፣ ንጽሕና እንዴት እንደሚጠበቅ ታስተምራለች፣ ታማሚ ታያለች። ሴቶቹ ግን ውስጣቸውን የሚበላውን ነገር ማውራት ጀመሩ። ለወንድ ሐኪም የማይነገረውን።

ከዚያ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም፣ ሜንሲንጋ ይባላል፣ ስለ ሠራው መከላከያ አነበበች። ጻፈችለት። እሱም ናሙናውን ከነአጠቃቀሙ ላከላት። ነገሩ ከላስቲክ የተሠራ ትንሽ ቆብ ነው፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ሞላ አለው፣ የማኅፀንን አፍ ይከድናል። የሁሉም ሴት ሰውነት አንድ ስላልሆነ ሐኪም ለክታ ልኩን ትመርጣለች፣ አገባቡን ታሳያለች፣ ከዚያ በኋላ ግን የምታስገባውም የምታወጣውም ሴትዮዋ ራሷ ናት። አሌታ ወዲያው አላወጀችም። መጀመሪያ እርግዝና ለሕይወታቸው ለሚያሰጋ ጥቂት ሴቶች ሰጠች፣ ወራት ተከታተለቻቸው፣ ሲሠራ አየች፣ ከዚያ በኋላ ነው ለሚፈልግ ሁሉ አለ ያለችው። 1882 ነው ዘመኑ። ነገሩ ሆላንድ ውስጥ ከመለመዱ የተነሣ እንግሊዞች እስከ ዛሬ «የሆላንድ ቆብ» ይሉታል።

እኔን የገረመኝ ቴክኒኩ አይደለም። ከዚያ በፊትም መከላከያ ነበር፣ አብዛኛው ግን በወንዱ ፈቃድ የሚሆን ነው። ይኼኛው በሴቷ እጅ ነው። ባሏ ሳያውቅ እንኳን ልትጠቀምበት ትችላለች። «ይበቃኛል» የምትል ሴት ቃሏን ራሷ የምትፈጽምበት ነገር አገኘች ማለት ነው። የእትዬ መርፌም እንደዚያው ነው። ክንድ ላይ ይወጋል፣ ምልክት የለውም፣ ቤት ውስጥ የሚታይ ነገር አያስቀምጥም። ካርዷን ካልሆነ በቀር።

ወቀሳው ዘነበባት። የሙያ አጋሮቿ ሐኪሞች ሳይቀሩ ነቀፏት። ሥነ ምግባር ታበላሻለች፣ ሴቶችን ታስታለች፣ የአገር ልጅ ታስቀራለች። ይህን ሳነብ ሰፈሬ ያለሁ መሰለኝ። እኛ ጋም «ልጅ ዕድሉን ይዞ ነው የሚወለድ» ይባላል፣ «የፈረንጅ ተንኮል ነው፣ ዘራችንን ሊያጠፉ ነው» ይባላል። የሚሉትን ሰዎች አልንቃቸውም። ብዙ ልጅ የቀበረ ሕዝብ ልጅ ቢሳሳ አይፈረድበትም። ደግሞም ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ ከባዶ የመጣ አይደለም፣ ይህን መሸሸግ አልፈልግም። በዓለም ስማቸው ገኖ የሚታወቁት አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሳንገርና እንግሊዛዊቷ ሜሪ ስቶፕስ ለሴቶች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፣ ነገር ግን ሁለቱም «ጥሩ ዘር ይብዛ፣ ደካማ ዘር ይቀንስ» የሚለውን የዘመኑን ክፉ ሐሳብ ደግፈዋል። ያ ሌላ ነገር ነው። ማን ይውለድ ማን አይውለድ የሚል ሌላ ሰው ሲሆን እሱ ጨካኝነት ነው። ሴትዮዋ ራሷ «ይበቃኛል» ስትል ግን የራሷ ቃል ነው። እትዬን ስንት ውለጂ ያላት ፈረንጅ የለም። የቆጠረችው ራሷ ናት፣ በማርያም።

አሌታም ጉድለት አላት። በ1915 ማርጋሬት ሳንገር ይህን ሙያ ልትማር ሆላንድ ድረስ ሄዳ አሌታን ላግኝሽ ብትላት አላገኛትም አለች። ምክንያቷ ይህ የሐኪም ሥራ ነው፣ አንቺ ሐኪም አይደለሽም የሚል ነው። ሳንገር ነርስ ነበረች። ሌላ ሆላንዳዊ ሐኪም፣ ሩትኸርስ የሚባል፣ ተቀብሎ አስተማራት። ይህን ሳነብ አሌታ ላይ ቅር ተሰኘሁ። በር ተዘግቶባት ያደገች ሴት ናት እኮ፣ እንዴት ለሌላዋ ትዘጋለች? እትዬን የወጋቻት ልጅ ሐኪም አልነበረችም። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ አንድ ዓመት የሠለጠነች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፣ የዚያው አካባቢ ልጅ፣ እናቷን እትዬ የምታውቃት። ከሐኪም በላይ የሚያስፈልገው እሷ ነበረች። መንዝ ላይ በየቀበሌው ሐኪም ይጠበቅ ቢባል እስከ ዛሬም በተጠበቀ።

ከአሌታ ሥራዎች ሁሉ አንዷን ትንሽ የምትመስል ነገር በጣም እወዳታለሁ። ወደ እሷ የሚመጡ የሱቅ ሠራተኛ ልጃገረዶች ነበሩ። የማኅፀን ሕመም፣ የወገብ ሕመም፣ የእግር እብጠት። ጠየቀች። ለካ ከጠዋት እስከ ማታ፣ አሥርና አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቆመው ነው የሚውሉት፣ መቀመጥ ክልክል ነው። አሌታ መድኃኒት ሰጥታ ብቻ አላሰናበተቻቸውም። ሱቆች ለሠራተኞቻቸው መቀመጫ ያስቀምጡ ብላ ጻፈች፣ ተከራከረች፣ ተሰደበች፣ ዓመታት ፈጅቶ በመጨረሻ ሕግ ሆነ። ወንበር! እኔ ደብረ ብርሃን ዘመድ ጋ ተቀምጬ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ቅዳሜና እሁድ አንድ ልብስ መሸጫ ውስጥ እሠራ ነበር። ደንበኛ ሲገባ ተቀምጠን እንዳያየን ተብለናል፣ ደንበኛ በሌለበትም ግን ወንበር የለም። የደብረ ብርሃን ብርድ ከሲሚንቶው ወለል በእግር ገብቶ ወገብ ላይ ይቀመጣል። የወር አበባዬ በመጣ ቀን ግድግዳ ተደግፌ ነው የምውለው። አንዲት አብራኝ የምትሠራ ልጅ የስድስት ወር እርጉዝ ሆናም ትቆም ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ እንደሚቻል እንኳን አላውቅም። አሌታ ስለ ወንበር የተከራከረችው የሴት መብት ማለት እግሯና ወገቧ ጭምር እንደሆነ ስለገባት ነው ብዬ አምናለሁ።

የምርጫውን ነገር ባጭሩ። በ1883 የሆላንድ ሕግ ይህን ያህል ግብር የሚከፍል ይመርጣል ይላል፣ ወንድ ብቻ አይልም። አሌታ ግብር ትከፍላለች። ስለዚህ ስሜን መዝግቡ ብላ ለአምስተርዳም ከንቲባ አመለከተች። የሕጉ ቃል ቢፈቅድልሽም መንፈሱ አይፈቅድልሽም ተባለች። እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደች፣ ተፈረደባት። በ1887 ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል መራጭ የሚለው ላይ «ወንድ» የሚል ቃል ጨመሩበት። አንዲት ሴት ጥያቄ ስላነሣች ማለት ነው። እሷ ግን አልተወችውም። ባሏ ጌሪትሰን በ1905 ሞተባት፣ ያን ሐዘን ተሸክማ የሴቶች የምርጫ መብት ማኅበሩን መምራቷን ቀጠለች፣ ዓለምን ዞረች፣ በ1919 መብቱ ተገኘ። በ1922 ምርጫ ድምፅ ስትሰጥ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከከንቲባው ደብዳቤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ። በእኛ አገር የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለሴትም የመምረጥ መብት ሰጠ፣ ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። በዚህ ብዙ አልዘገየንም።

በሌላው ነው የዘገየነው። የሚገርመኝ ነገር አለ። ሸዋ ውስጥ ሴት ከአባቷም ከእናቷም ርስት ትወርሳለች፣ ይህ የቆየ ወግ ነው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሰላ ድንጋይ ተቀምጠው አገር አስተዳድረዋል። ሴት በመሬቷ ላይ ተሟግታ ትረታለች፣ ዳኛ ፊት ቆማ ትናገራለች። በሰውነቷ ላይ ግን አፍ የላትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት በአሥራ አምስት ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፣ የቤቱም አለቃ ባል ነው ይል ነበር። ይህ የተለወጠው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው፣ የጋብቻ ዕድሜው ለሁለቱም አሥራ ስምንት ሆነ፣ ባልና ሚስትም እኩል ሆኑ። መከላከያን በአደባባይ ማስተዋወቅ ደግሞ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሚያስቀጣ ነበር። እንዲያም ሆኖ በ1958 የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ተቋቋመ። ጭምት ሰዎች ነበሩ፣ ቀስ ብለው ነው የሠሩት። በ1985 የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ወጣ። ከ1995 ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶቹ ቤት ለቤት መሄድ ጀመሩ። እውነተኛው ለውጥ የመጣው ያኔ ነው። በ1992 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ካገቡ ሴቶች መከላከያ የሚጠቀሙት ከመቶ 8 ብቻ ነበሩ። በ2008ቱ ጥናት 36 ደረሱ፣ በአማራ ክልል 47። ከመቶ 47 ሲባል እኔ የሚታየኝ ገብስ አዝለው «ላስፈጭ ነው» የሚሉ ሴቶች ናቸው።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ፣ ይህን ሳልናገር ብቀር ታሪኩ ይጎድላል።

እኔ ካርዱን ካነበብኩላት ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እትዬ ሦስት ማርያሟን ቆጥራ ጤና ኬላ ስትደርስ መርፌው አልቋል። ልጅቷ በጣም አዘነች፣ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፣ ከቻልሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ አለቻት። ጤና ጣቢያው በእግር ሁለት ሰዓት ነው። ገብሷን ወፍጮ ቤት አስቀምጣ ሄደች። የመጨረሻው ልጇ ጀርባዋ ላይ ነው። ስትደርስ ካርድ ክፍል የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎም ሳያያት «ባለቤትሽ ፈቅዷል ወይ?» አላት። ሰው ተሰልፏል፣ ሁሉም ሰማ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሕግም ደንብም የለም። እሷ ግን ያንን በምን ታውቃለች? ዝም አለች። «ይዘሽው ነይ» አላት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወጣች። ሁለት ሰዓት ተመልሳ ሄደች፣ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቶ ገብሷን ሳታስፈጭ ገባች።

ደብዳቤው ለአባቷ ተጻፈ ያልኳችሁ ትዝ ይላችኋል? ይኸው ነው የደብዳቤው ዘመድ።

ስድስተኛው ልጅ በዓመቱ ተወለደ። ዛሬ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው፣ ሁላችንም እንወደዋለን፣ እሷም ከሁሉ አስበልጣ ትወደዋለች ይባላል። ልጁ ባይወለድ ይሻል ነበር የሚል ቃል ከእኔ አፍ አይወጣም። ግን እሱን ስትወልድ እንደገና ደም ፈሰሳት። እንደገና ቃሬዛ፣ በሌሊት፣ በጓሳ ብርድ፣ ስምንት ወንዶች እየተፈራረቁ። መኪና እስኪገኝ መንገድ ዳር ላይ ባና ሸፍነዋት ባሏ እግሯን እያሸ ያለቅስ ነበር። ተረፈች። ከእግዜር ቀጥሎ ደም የሰጣት ሰው አለ፣ ማን እንደሆነ አናውቅም።

ባሏ ክፉ ሰው አይደለም። ዝምተኛ ነው። ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ ሰነባብቶ፣ ጾሙ ሲፈታ ነው አሉ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ገብስ ሰፍሮ በአህያው ጫነና እንዲህ አላት፦ «ከዛሬ ጀምሮ ወፍጮ ቤት እኔ እወስደዋለሁ። አንቺ በባዶ እጅሽ ሂጂ።» ሌላ ቃል የለም። ለካ ያውቅ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችውም።

ከዚያ በኋላ መርፌውን ትታ ክንድ ሥር የሚቀበረውን አስገባች። አንድ ጊዜ ክንዷን ዘርግታ አስነካችኝ። ቆዳዋ ሥር የክብሪት እንጨት የምታክል ነገር ትንሸራተታለች። ሦስት ዓመት ትቆያለች። «ይኼኛው አያልቅም፣ ልብሴን ገልጦ ማን ይወስድብኛል» አለችኝ።

ባለፈው ጥምቀት ሄጄ ስለ አሌታ ነገርኳት። ምድጃ ዳር ተቀምጣ እንዝርቷን እያሾረች ነው የሰማችኝ። ስለ ቆቡ ስነግራት ሣቅ አለች። ስለ ወንበሩ ስነግራት «እውነቷን ነው» አለች። ስለ ደብዳቤው ስነግራት ግን እንዝርቱ ቆመ።

«ለአባቷ?»

«አዎ፣ ለአባቷ።»

«ታዲያ ሰጣት?»

«ሰጣት። ደግፎ አስተማራት።»

«ይባረክ» አለች።

ልጅ ነበራት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንድ፣ አልኳት። በ1893 ወለደች፣ አንድ ቀን ኖሮ ሞተ፣ ከዚያ ሌላ አልወለደችም። እትዬ እንዝርቷን መሬት አስቀመጠች። ከወለደቻቸው በተጨማሪ አንድ የቀበረችው አላት፣ ስለ እሱ አታወራም። እሳቱን ቆሰቆሰች፣ ብዙ ቆየች። «ለሰው ልጅ ስትለፋ ኖራ» አለች በመጨረሻ።

ከዚያ ተነሥታ ካርዷን አመጣችው። አሁን ማዳበሪያ ውስጥ አይደለም፣ ግድግዳው ላይ ከሁለተኛ ልጇ የምረቃ ፎቶ ኋላ ነው የተሰካው። ዕድሜዋ ሃምሳ ሊጠጋ ነው፣ ይህችን ካስወጣች ሌላ አያስፈልጋትም። «አንብቢልኝ» አለችኝ። ከዚያ ሳላነብ ቀደመችኝ፦ «ሠላሳ አምስት አልፈዋል። ሠላሳ ስድስተኛዋ የፊታችን ማርያም ናት።»

ካርዱን ወደ እሳቱ ብርሃን አስጠግቼ አነበብኩ። ልክ ናት።